ውኃንና አፈርን ስለሚያነጹ ረቂቃን ተሐዋስያን

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች የጎጃምን ደጋ እያጠጡ ወደ ዓባይ ይገባሉ። ከእነርሱም አንዱ ጨሞጋ በደብረ ማርቆስ አጠገብ ያልፋል። በዚህ አገር በየዓመቱ ስንት እበት፥ ስንት ገለባ፥ ስንት የረገፈ ቅጠል፥ ስንትስ የሞተ እንስሳ በምድር ላይ እንደሚወድቅ ማንም ቈጥሮ አይጨርሰውም። ከጥንት ጀምሮ የወደቀው ሁሉ እንደ ወደቀ ቢቀር ኖሮ ለማረሻ የሚሆን መሬት፥ ለመጠጥም የሚሆን ውኃ ባልተገኘ ነበር። ዳሩ ግን በዚህ መስከረም የወደቀው እበት በሚመጣው መስከረም ቢፈለግ አይገኝም። አፈር ሆኗል፤ በላዩም ሣር በቅሏል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚጠርገው ማን ነው? ፀሐይና ዝናም ይረዳሉ፤ ጢንዚዛና ትልም ይረዳሉ፤ ዋናዎቹ ሠራተኞች ግን በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው። የዚህም ትምህርት ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ውኃና አፈር ያለ ሠራተኛ አይነጹም፤ የሚያነጻቸው ሕይወት ያለው ማኅበር ነው። ይህም ማኅበር ምግቡንና አየሩን፥ ጊዜውንም በልክ ሲያገኝ ይሠራል፤ ከዓቅሙ በላይ ሲጫንበት ይደክማል፤ መርዝ ሲያገኘውም ይሞታል። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

1ኛ። ተሐዋስያኑ እነማን እንደ ሆኑ

ባክቴሪያ የተባሉት ተሐዋስያን እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆኑ 1,000 ያህሉ በአንድ መስመር ቢሰለፉ ርዝመታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ከባክቴሪያ ሌላ ሻጋታና እርሾ፥ በኩሬ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው አልጌ፥ ደግሞም ባክቴሪያን እያደኑ የሚበሉ ሌሎች ረቂቃን አሉ። በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያ በመቶ ሚሊዮን፥ አንዳንድ ጊዜም በቢሊዮን ይቈጠራሉ።

ሰው እነዚህን ካወቃቸው ብዙ ዘመን አይደለም። በሆላንድ አገር የጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ በገዛ እጁ በሠራው ማጉያ መነጽር የውኃ ጠብታ እየመረመረ በውስጡ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ፍጥረታት አየ፤ ያየውንም በ1676 ጽፎ ለሊቃውንት ላከ። ከእርሱ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር መቡካትና መበስበስ የሕያዋን ተሐዋስያን ሥራ እንደ ሆነ በሙከራ አስረዳ። ከመካከላቸው እንደ ኮሌራና እንደ ታይፎይድ ያለ በሽታ የሚያመጡ ስላሉ ብዙ ሰው ስማቸውን ሲሰማ ይሰጋል። የሚበዙት ግን ሰውን አይጎዱም፤ ይልቁንም ያለ እነርሱ አዝመራም ንጹሕ ውኃም አይገኝም።

2ኛ። የእርሾ ምሳሌ

ይህ ነገር ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። እናት ጤፍ ስታቦካ ከቀደመው ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ ትጨምርበታለች። በ2 ወይም በ3 ቀን ሊጡ ይኮመጥጣል፤ እንጀራውም ዓይን ያወጣል። እርሾ የተባለው ሕይወት ያለው የተሐዋስያን ማኅበር ነው፤ ዱቄቱን እየተመገበ ይበዛል፤ በመብዛቱም ሊጡን ይለውጠዋል።

ባልትና የምታውቅ ሴት በዚህ ሥራ 3 ነገር ትጠነቀቃለች። አንደኛ፥ እርሾውን ሙልጭ አድርጋ አትደፋውም፤ ለሚመጣው ቡኮ ታስቀርለታለች። ሁለተኛ፥ ለጥቂት እርሾ ከመጠን ያለፈ ዱቄት አትጭንበትም። ሦስተኛ፥ የፈላውን አብሲት ሳይበርድ አትጨምርበትም፤ ትኩሳቱ እርሾውን ይገድለዋልና። አስተማሪው እነዚህን 3 ነገሮች ለተማሪዎቹ በሰሌዳ ላይ ይጻፍላቸው፤ ማስቀረት፥ መመጠን፥ አለመግደል። ውኃንና አፈርን ስለ ማንጻት የሚነገረው ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም።

3ኛ። የማኅበር ሥራ

ከተሐዋስያን ወገን ሥራውን ሁሉ ብቻውን የሚፈጽም የለም። በደቦ ጊዜ አንዱ ያጭዳል፥ አንዱ ይከምራል፥ አንዱ በሬ ይነዳል፥ አንዱ ያዘራል፤ በመጨረሻም ንጹሕ እህል ወደ ጎተራ ይገባል። የእነርሱም ሥራ እንዲሁ ነው።

ለምሳሌ እበትና ሽንት ሲበሰብሱ አሞንያ የሚባል ነገር ይወጣል፤ ይኸውም በተዘጋ በረት ውስጥ ዓይንን የሚቈጠቍጠው ሽታ ነው። አንድ ወገን ባክቴሪያ አሞንያውን ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ይህንም በሁለት ወገን የተከፈለ ሥራ በ1890 ገደማ የገለጠው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ ሊቅ ነው። ናይትሬት በእርሻ ላይ ሲገኝ ለእህል መልካም ምግብ ነው፤ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ሲበዛ ግን ለሕፃናት አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ የሚኖር ሦስተኛ ወገን ተቀብሎ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ይመልሰዋል። ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋ ሥራው በመንገድ ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእነዚህም ይሠራል።

4ኛ። ውኃ እንዴት እንደሚነጻ

በወንዝ ላይ ጥቂት እድፍ ቢገባ ተሐዋስያኑ ይመገቡታል። ለዚህም ሥራ በውኃው ውስጥ የተደባለቀውን አየር ይተነፍሳሉ። ውኃው በድንጋይ ላይ እየተንፏፏ ሲወርድ አዲስ አየር ይቀበላልና ከጥቂት ርቀት በኋላ እድፉ ይቀንሳል። የገባው እድፍ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን በውኃው ውስጥ ያለው አየር ያልቃል፤ ዓሣው ይሞታል፤ ያለ አየር የሚኖሩት ሌሎች ተሐዋስያን ይሠለጥናሉ፤ ውኃውም ይጠቍራል፥ ይሸታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ውኃውም በዚያው ልክ የሚይዘው አየር ከቈላ ይልቅ አይተርፈውም። በብርድም ጊዜ ተሐዋስያኑ ይዘገያሉ። ስለዚህ የደጋ ወንዝ ጥሩና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ብቻ ሁሉን ይችላል ማለት አይገባም።

ሰው ይህን የተሐዋስያን ሥራ ለጥቅሙ ማዋል ከጀመረ ቈይቷል። በ1892 በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰው ፈጀ። ከሃምቡርግ ጋር ድንበርተኛ የሆነችው አልቶና የምትጠጣው ከዚያው ከኤልበ ወንዝ ነበር፤ እንዲያውም የሃምቡርግ እድፍ ከገባበት በታች ትቀዳ ነበር። ሆኖም የሞተባት ሰው ከሃምቡርግ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ልዩነቱ ምን ነበር? አልቶና ውኃዋን በአሸዋ እያጠለለች ስታጠጣ ሃምቡርግ ሳታጠልል ታጠጣ ነበር። ነገሩን የመረመረው ሮበርት ኮህ የሚባለው ታላቅ ሐኪም እንዳስረዳው የአሸዋው ጥቅም በጥራጥሬው ብቻ አይደለም፤ በአሸዋው ፊት ላይ የሚጋገረው ስስ አተላ ዋናውን ሥራ ይሠራል። ያ አተላ የተሐዋስያን ማኅበር ነው፤ በዚያ የሚያልፈውን እድፍና የበሽታ ዘር ይይዛል፥ ይመገባልም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር ነው። በማንቸስተር ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የተባሉ ሁለት ሰዎች የከተማ እድፍ ውኃ በዕቃ አድርገው አየር ይነፉበት ጀመር። መጀመሪያ ውኃው እስኪነጻ 5 ሳምንት ያህል ፈጀ። ከዚያ በኋላ የጠራውን ውኃ ብቻ ቀድተው ከታች የቀረውን አተላ ሳይደፉ አዲስ እድፍ ጨመሩበት። እንዲህ እያደረጉ ደጋግመው ቢሠሩ 5 ሳምንት የፈጀው ሥራ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈጸም ጀመር። ይህንንም በ1914 ለዓለም አስታወቁ። የጎጃም እናት ይህን ብትሰማ አትደነቅም፤ እነዚያ ሁለት ሰዎች ያገኙት እርሾ ማስቀረትን ነውና። ዛሬ በዓለም ያሉ ብዙ ታላላቅ ከተሞች እድፍ ውኃቸውን የሚያነጹት በዚህ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያም ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዲስ አበባ ይህ ሥራ ይታያል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቃሊቲ ሰፋፊ ኩሬዎች ተቈፍረው የከተማው እድፍ ውኃ በዚያ እየተኛ እንዲነጻ ተደረገ። በእንደዚህ ያለ ኩሬ አልጌ በፀሐይ ብርሃን አየር ያወጣል፤ ባክቴሪያም ያንን አየር እየተነፈሰ እድፉን ይመገባል፤ ባክቴሪያ የሚያወጣውን እስትንፋስ ደግሞ አልጌ መልሶ ይመገበዋል። በ2018 ግድም በዚያው በቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያነጻ የታሰበ አዲስ ማንጻሪያ ሥራ ጀመረ። ለቆዳ ፋብሪካ እድፍ ደግሞ ሥዩም ለታና ፋሲል አሰፋ የተባሉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ የሞከሩትን የማንጻት ሥራ በ2004 አሳትመዋል። በዚህም ሥራ አየር ያለበትና አየር የሌለበት ዕቃ ተቀናጅተው፥ ከላይ በ3ኛው ክፍል የተነገሩት የባክቴሪያ ወገኖች ናይትሮጅኑን ከውኃው ለማውጣት ይተባበራሉ።

5ኛ። አፈር እንዴት እንደሚነጻ

አፈርም እንደ ውኃ ይታደፋል። በየገበያው ባለው ወፍጮ ቤት ዙሪያ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ፈስሶ መሬቱ ጠቍሮ፥ ሣር የማይበቅልበት ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ዘይትን የሚመገቡ ባክቴሪያ አሉ። በ1989 በአላስካ ባሕር አንድ ታላቅ መርከብ ተሰብሮ ዘይት በባሕሩ ዳር በፈሰሰ ጊዜ ሠራተኞች በድንጋዩ ላይ ማዳበሪያ ረጩ። ይህንም ያደረጉት በዚያ የነበሩት ባክቴሪያ ዘይት ሞልቷቸው ናይትሮጅንና ፎስፎር ስላነሳቸው ነው፤ ዘይት ብቻውን ወጥ እንደሌለው እንጀራ ነውና። በወፍጮ ቤትም የተበላሸውን አፈር ከምንጭና ከወንዝ ርቆ በደልዳላ ስፍራ አስጥቶ፥ ከበሰበሰ ፍግና ከገለባ ጋር ደባልቆ፥ እርጥበቱን እየጠበቀ በየጊዜው ቢያገላብጡት በወራት ውስጥ ዘይቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ፍጉ እርሾም ወጥም ይሆነዋል፤ ማገላበጡ አየር ይሰጠዋል።

የአረምና የተባይ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ለጤፍ አረም የሚረጨውን ቱ ፎር ዲ የተባለውን የአፈር ባክቴሪያ በሳምንታት ውስጥ ይፈቱታል። ዲዲቲን ግን በቶሎ ሊፈቱት አይችሉም፤ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቈያል፤ ከሣሩ ወደ ላሚቱ፥ ከላሚቱም ወደ ወተቱ ይሻገራል። ስለዚህ የመድኃኒት ዕቃ በወንዝ ማጠብና ባዶውን ጣሳ ለመጠጥ ማዋል ታላቅ ጥፋት ነው።

በጎዛምን፥ በስናንና በማቻከል ከሚታየው የአፈር በሽታ ዋናው ደግሞ አፈሩ ኮምጣጣ መሆኑ ነው። ብዙ ዝናም ለብዙ ዘመን የአፈሩን ኖራማ ነገር አጥቦ ይወስዳል፤ ጭዱና እበቱም ወደ እርሻው ሳይመለስ ሲቀር ጉዳቱ ይብሳል። በኮምጣጣ አፈር የባቄላ ሥር ባክቴሪያ ይደክማሉ። እነዚህም በባቄላ ሥር ላይ እንደ ትንሽ ፍሬ ባሉ እብጠቶች ውስጥ እየኖሩ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ የሚመግቡ ናቸው። ማርቲኑስ ቤየሪንክ የሚባል የሆላንድ ሊቅ በ1888 ለይቶ አሳድጓቸዋል። መድኃኒቱም የተፈጨ የኖራ ድንጋይና የበሰበሰ ፍግ ነው። የኖራው ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ ገደል ይገኛል፤ ፍጉም በየገበሬው ደጅ ነው፤ ኩበት ሆኖ ካልነደደ።

6ኛ። የማይችሉት ነገር

ተሐዋስያን ሁሉን አይችሉም። ከባትሪ ድንጋይና ከመኪና ባትሪ የሚወጣውን እርሳስን የመሰለ ማዕድን ሊመገቡትና ሊያጠፉት አይችሉም። መልኩን ቢለውጡት ወይም በጭቃ ውስጥ ቢያስሩት ነው እንጂ ማዕድኑ ማዕድን ሆኖ ይኖራል። የወስፋት ዕንቍላልም በአፈርና በዓይነ ምድር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል። ጥሩ የሚመስል ውኃም ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ የበሽታ ዘር አያደፈርስምና።

በዚህ ጊዜ ከሽማግሌዎች አንዱ፥ «መምህር፥ ይህ ምንጭ አባቶቻችን የጠጡት ነው፤ ወራጅ ውኃ ራሱን ያጸዳል ሲባልም ሰምተናል» ይሉ ይሆናል። አስተማሪውም በትሕትና፥ «እውነትዎን ነው አባቴ፤ ያጸዳል። ነገር ግን በአባቶቻችን ዘመን ከምንጩ በላይ ስንት ቤት ነበረ? ዛሬስ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃቸው። ምንጩ ያው ነው፤ በምንጩ የሚሠሩት ተሐዋስያንም ያው ናቸው፤ የተጨመረው ሸክሙ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የአንድ መንደር እድፍ በየጓሮው በልክ ተከፋፍሎ አፈር ቢቀበለው ለማሳው ጌጥ ይሆናል፤ ሁሉ በአንድ ምንጭ ላይ ቢወርድ ግን ሸክም ይሆናል፤ የሸክሙንም ዋጋ አስቀድመው የሚከፍሉት በተቅማጥ የሚያልቁት ሕፃናት ናቸው።

7ኛ። በመንደር ሊደረግ የሚገባው

ሀ) የመጸዳጃ ጕድጓድ ከምንጭና ከውኃ ጕድጓድ በታች በኩል፥ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቈፈር። የጕድጓዱም ወለል ከከርሰ ምድር ውኃ 2 ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ በመካከል ያለው አፈር ማንጻሪያው ነውና።

ለ) በመጸዳጃው ውስጥ በረኪናና የተባይ መድኃኒት አይፍሰስ፤ ሠራተኞቹን ይገድላልና።

ሐ) ፍግ በበረት ደጅ ተቈልሎ በዝናም ወደ ወንዝ ከሚታጠብ በክዳን ሥር ተከምሮ ይብሰል፤ ከዚያም ወደ እርሻ ይመለስ።

መ) ከምንጩ በላይ ያለው ረግረግና ሣር አይታረስ፤ ከብትም አይሰማራበት። በሣሩ ሥር ያለው ማኅበር የምንጩ ዘበኛ ነው።

ሠ) በአሸዋ ማጥለል የሚፈልግ ሰው ንጹሕ በርሜል ወስዶ ከታች ጠጠር፥ ከላይ ግማሽ ሜትር የሚያህል የታጠበ አሸዋ ያድርግ። አሸዋው ዘወትር በውኃ ተሸፍኖ ይኑር፤ ከደረቀ ማኅበሩ ይሞታል። አተላው እስኪጋገር እስከ 30 ቀን ይፈጃል። ክሎሪን ቢፈለግ ተጠልሎ ከወጣ በኋላ ይጨመር እንጂ በአሸዋው ላይ አይፍሰስ።

ረ) የተጠለለውም ውኃ ቢሆን ክሎሪን ካልተጨመረበት ለመጠጥ ይፍላ። በዚህ ደጋ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች፥ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቈይ።

8ኛ። የትምህርት ቤት ሙከራ

አስተማሪው ሁለት ገል ወይም ጣሳ ያቅርብ። በአንዱ ከጓሮ የተወሰደ ጥቍር አፈር ያድርግ። ለሁለተኛው ከዚያው አፈር ወስዶ በምጣድ ላይ በብርቱ እሳት ይቍላው፤ ሲበርድም ይጨምረው። በሁለቱም ውስጥ እኩል የሆነ የጥጥ ጨርቅ ቅዳጅ ቀብሮ፥ ቀዝቅዞ በተቀመጠ የፈላ ውኃ እያራሰ ይክደናቸው። ከአንድ ወር በኋላ ተማሪዎች ጨርቁን አውጥተው ይዩት። ባልተቈላው አፈር የተቀበረው ነትቦና በስብሶ ሲገኝ፥ በተቈላው ያለው ይልቅ ጠንክሮ ይገኛል። አፈሩ አንድ ነው፤ ውኃውም አንድ ነው፤ የጐደለው ሠራተኛው ነው።

ሁለተኛም ባቄላ ሲያብብ አንድ እግር በጥንቃቄ ተነቅሎ ሥሩ ይታጠብ፤ እብጠቱም በጥፍር ይከፈል። ውስጡ ቀላ ብሎ ከተገኘ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም ወይም ደክሟል። በፍግ ከለማ ማሳና ከተራቈተ ማሳ የተነቀለው ጎን ለጎን ቢታይ ገበሬው ያለ ብዙ ንግግር ይረዳዋል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. እናት እርሾ የምታስቀረው ስለ ምን ነው? በማንቸስተር የተገኘው ሥራስ በምን ይመስለዋል?

2. አልቶና ከሃምቡርግ እድፍ በታች እየቀዳች በምን ዳነች?

3. በመጸዳጃ ጕድጓድ በረኪና ቢፈስስ ምን ይሆናል?

4. ተሐዋስያን ሊያጠፉት የማይችሉት እድፍ የትኛው ነው? እርሱንስ እንዴት አድርጎ መከላከል ይገባል?

5. እያንዳንዱ ተማሪ ቤተ ሰቡ ወደሚቀዳበት ምንጭ ሄዶ ከምንጩ በላይ ያለውን ቤት፥ በረትና መጸዳጃ ቈጥሮ ይምጣ። ቍጥሩንም በቅድሚያ ለአባቱና ለእናቱ ያንብብላቸው።